የታናሹ እጀታ ታሪክ

በቆየ ላንድሮቨር ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠ ሰው ወለሉን ቢመለከት፥ ከዋናው የማርሽ እጀታ አጠገብ ሌሎች ሁለት አጫጭር እጀታዎች ቆመው ያገኛል። አንደኛው ራሱ ቀይ፥ ሁለተኛው ቢጫ ነው። የከተማ ሾፌር እነዚህን ሁለቱን ሳይነካቸው ዓመት ሊያልፍ ይችላል፤ አንዳንዱም ለምን እንደ ተተከሉ ሳያውቅ መኪናውን ለሌላ ያስረክባል። እኛ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንጽፍ ያሰብነው ስለ ትልቁ እጀታ ሳይሆን ስለ ታናናሾቹ ነው። መንገድ በሌለበት ስፍራ የሚሄደው መኪና ታሪኩ በአብዛኛው ተጠቅልሎ የሚገኘው በእነርሱ ውስጥ ነውና።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ማስታወቅ ይገባናል። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የመኪናውን ክፍሎች ስም ደግሞ መካኒኮቻችን ከጣሊያኖች ተቀብለው በአማርኛ አፍ እንዳለሰለሱት ካምቢዮ፥ ባሌስትራ፥ ክሮቸራ እያልን እንጽፋለን፤ ጋራዥ ሁሉ የሚያውቀውን ስም ትቶ ሌላ መፍጠር አንባቢን በከንቱ ማድከም ይሆናል።

ስለ አገር አቋራጭ መኪና ጨዋታ በተነሣ ቁጥር ሰው ፈጥኖ የሚጠይቀው የሞተሩን የፈረስ ጉልበት ነው። ይህ ጥያቄ ለአስፋልት መንገድ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ለጭቃ፥ ለአሸዋና ለአቀበት ግን ዋናው ጥያቄ አይደለም። በ1951 ከጋገናው ፋብሪካ መውጣት የጀመረው የጀርመን ኡኒሞግ 25 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ዛሬ ትንሽ የምንላት የከተማ አውቶሞቢል ከዚያ እጥፍ በላይ አላት፤ ነገር ግን በታረሰ መሬት ላይ እርሷ ጥቂት ሜትር ሳትሄድ ስትቀበር፥ ኡኒሞግ ማረሻ እየጎተተ ያልፋል። ስለዚህ የእነዚህ መኪናዎች ታሪክ ጉልበትን የማብዛት ታሪክ ሳይሆን ጉልበትን የማከፋፈል ታሪክ ነው ብለን እናምናለን።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ከተራው የጭነት መኪና እንነሣ። ይህ መኪና በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ይገፋል። የሞተሩ ኃይል በካምቢዮ አልፎ በረዥሙ ዘንግ ወደ ኋላ ይሄድና ዲፈረንሻል ከሚባለው ክፍል ይደርሳል። የዲፈረንሻል ሥራው፥ መኪናው ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያለው ጎማ ረዥሙን፥ በውስጥ በኩል ያለው አጭሩን መንገድ እንዲሄድ መፍቀድ ነው። እርሱ ባይኖር ጎማው በየመታጠፊያው እየተፋቀ ባለቀ፥ ዘንጉም በተሰበረ ነበር። ዳሩ ግን ይህ መልካም ፈጠራ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ለሁለቱም ጎማዎች እኩል ኃይል ስለሚሰጥ፥ አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ወድቆ መቆንጠጫ ሲያጣ፥ ሌላው ደረቅ ድንጋይ ላይ ቢቆም እንኳ የሚደርሰው ኃይል ከጭቃው ጎማ አይበልጥም። ቀንበርን መሐሉ ላይ በአንድ ችንካር ብቻ እንደ ተንጠለጠለ ሚዛን አድርገን እናስበው፤ አንደኛው በሬ መሳብ ሲተው የሌላው ጉልበት ቀንበሩን ያዞረዋል እንጂ ሞፈሩን አይስበውም። በክረምት አንዱ ጎማ በከንቱ ሲሽከረከር፥ ሌላው እንደ ሐውልት ቆሞ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ ነዳጅ መርገጥ ጉድጓዱን ከማጥለቅ በቀር ምንም አይጠቅምም።

መድኃኒቱ የፊተኞቹንም ጎማዎች ማሠራት እንደ ሆነ ሰዎች ቀደም ብለው አስተውለዋል። በ1903 የሆላንዱ ስፓይከር ኩባንያ በአራቱም ጎማ የሚነዳ፥ ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪና ሠርቶ ነበር፤ ግን ለውድድር የታሰበ ስለ ነበረ ለሥራ አልዋለም። ለሥራ የዋለው የተወለደው በአሜሪካ፥ በዊስኮንሲን ግዛት ክሊንተንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ኦቶ ዛካው የተባለው ብረት ሠሪ፥ በጋብቻ ከተዛመደው ከዊልያም ቤሰርዲክ ጋር ሆኖ አንድ የጥገና ቤት ነበረው። ዛካው አንድ ቀን መኪናው ጉድጓድ ገብቶበት ወደ ፊት አልወጣ ቢለው የኋላ ማርሽ አስገብቶ እንደ ወጣ ይተረካል። በዚያን ጊዜ ኃይል ያላቸው ጎማዎች ገፊ መሆናቸው ቀርቶ ከፊት እየቀደሙ ሳቢ ሆነው ነበርና፥ ሁለቱም ወገን ባንድ ጊዜ ቢሠራ ምን ይሆን ነበር ብሎ አሰበ ይባላል። ትረካው እንዳለ እውነት ይሁን ወይም በኋላ ያማረ ይሁን፥ ዛካው በዲሴምበር 1908 በፈጠራው ላይ የባለቤትነት መብት ማግኘቱ በመዝገብ የሰፈረ ነው።

ከዚህ የተነሣ የተቋቋመው ኩባንያ ስሙን ኤፍ ደብልዩ ዲ አለ፤ ትርጓሜው በአራት ጎማ መነዳት ማለት ነው። በ1912 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መኪናውን በረዥም ጉዞ ፈተነው፤ ሞዴል ቢ የተባለው የሦስት ቶን ካሚዮንም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብዙ ሺህ እየተሠራ ወደ ፈረንሳይ ጭቃ ተላከ። በዚህ መኪና ውስጥ እኛን የሚያስደንቀን አንድ ነገር አለ። ከፊትና ከኋላ ካሉት ሁለት ዲፈረንሻሎች በላይ በመሐል ሦስተኛ ዲፈረንሻል ነበረው፤ ሾፌሩ ሲያሻው ይህን መካከለኛ ቆልፎ የፊቱንና የኋላውን ዘንግ አንድ ሊያደርጋቸው ይችል ነበር። ከስድሳ ዓመት በኋላ እጅግ አዲስ ነገር ተብሎ የተወራለት ብልሃት በክሊንተንቪል ካሚዮን ውስጥ አስቀድሞ ነበር ማለት ነው።

በ1913 ደግሞ እዚያው ዊስኮንሲን፥ ኬኖሻ ከተማ ያለው የጄፈሪ ኩባንያ ኳድ የተባለውን ካሚዮን አወጣ። ኳድ በአራቱም ጎማ ከመነዳቱ ሌላ በአራቱም ይታጠፍ፥ በአራቱም ፍሬን ይይዝ ነበር። ኃይሉም ወደ ጎማው የሚገባው በመሐል ዘንጉ ሳይሆን በጎማው ውስጥ በተሠሩ ጥርሶች ስለ ነበረ ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለ ሆነ፤ ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዘው፥ ኋላ እንመለስበታለን። ኩባንያው ወደ ናሽ እጅ ከተዛወረ በኋላ በ1918 ብቻ ወደ 11,500 የሚጠጉ ኳዶች ተሠርተዋል። ጦርነቱ ሲያበቃ የተረፉትን ካሚዮኖች የአሜሪካ መንግሥት ለየግዛቶቹ የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤቶች አከፋፈለ። ስለዚህ መንገድ እንዳያስፈልገው ሆኖ የተሠራው መኪና መንገድ ሲሠራ ዕድሜውን ጨረሰ።

እዚህ ላይ ከካሚዮኑ ወርደን ስለ አንዲት ትንሽ ብረት ማውራት አለብን። የፊት ጎማ ሁለት ሥራ ባንድነት ሲሰጠው ችግር ይፈጠራል፤ ለመንዳት መሽከርከር አለበት፥ ለመምራት ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መታጠፍ አለበት። ስለዚህ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ በመታጠፊያው ላይ ተጣጣፊ መገጣጠሚያ ያስፈልገዋል። መካኒኮች ክሮቸራ የሚሉት ተራው መስቀል ዘንጉ ቀጥ ሲል በደንብ ያገለግላል፤ ዘንጉ በብዙ ሲታጠፍ ግን አዟዟሩ እኩል መሆኑ ይቀርና በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፥ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ሾፌሩ ይህን በመሪው ላይ እንደ መንቀጥቀጥ ይሰማዋል፤ ብረቱም ቶሎ ይደክማል። ይህን ለማስቀረት ፈረንሳዮቹ ፌናይና ግሬ጗ር በ1926 ትራክታ የተባለውን መገጣጠሚያ ሠሩ፤ በ1927 ደግሞ በአሜሪካ የፎርድ መሐንዲስ የነበረው አልፍሬድ ዜፓ ስድስት የብረት ኳሶች በጎድጓዳ ቦይ ውስጥ እየተንከባለሉ ኃይል የሚያስተላልፉበትን መገጣጠሚያ በስሙ አስመዘገበ። ኳሶቹ ዘወትር የመታጠፊያውን ማዕዘን እኩል በሚከፍለው መስመር ላይ ስለሚሰለፉ፥ ዘንጉ ቢታጠፍም አዟዟሩ አይለወጥም። የጂፕን ዝና የሚያወሩ መጻሕፍት ስለዚህች ኳስ እምብዛም አይጽፉም፤ እንደ እኛ አስተያየት ግን እርሷና መሰሎቿ ባይኖሩ ኖሮ ጂፕ የሚባለው ቀላልና ፈጣን መኪና አይገኝም ነበር።

አሁን ወደ ጂፕ እንምጣ። በ1940 ፈረንሳይ በጀርመኖች እጅ ስትወድቅ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ፈረሱንና ሞተርሳይክሉን የሚተካ አንድ ትንሽ መኪና በብርቱ ፈለገ። በጁላይ ወር ለ135 ፋብሪካዎች ማስታወቂያ ተላከ፤ የመጀመሪያው ናሙና በ49 ቀን ውስጥ ተሠርቶ እንዲቀርብ፥ ክብደቱም ከ590 ኪሎ እንዳይበልጥ የሚል ነበር። ለዚህ የቀነ ገደብ ቃል የገባው በፔንሲልቫንያ፥ በትለር ከተማ ያለው ባንታም የተባለ ኩባንያ ብቻ ነበር። ባንታም ትንንሽ አውቶሞቢል እየሠራ ሊከስር የደረሰ፥ ሠራተኞቹን ያሰናበተ ቤት ነበር። ካርል ፕሮብስት የሚባል መሐንዲስ ከዲትሮይት ተጠርቶ፥ ደመወዙ ሳይቆረጥለት፥ የመኪናውን ጠቅላላ ንድፍ በሁለት ቀን ጨረሰ።

በዚያ ፍጥነት እንዴት ተቻለ ቢባል፥ ፕሮብስት ሁሉን ከባዶ ስላልፈጠረ ነው። ዘንጎቹንና ማከፋፈያውን ሣጥን ስፓይሰር ከተባለው የዘንግ ፋብሪካ አገኘ፤ የፊትና የኋላ ዘንጎቹም ስቱድቤከር ለተባለው የከተማ አውቶሞቢል ከሚሠሩት ተለውጠው የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው መኪና በሴፕቴምበር 23 ቀን 1940 ከበትለር እየተነዳ ባልቲሞር አጠገብ ሆላበርድ ሰፈር ሲገባ ከቀነ ገደቡ የቀረው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር። ክብደቱ ከታዘዘው በብዙ ይበልጥ ነበር፤ ነገር ግን የፈተኑት መኰንኖች የታዘዘው ክብደት የማይቻል መሆኑን በዓይናቸው ስላዩ ደንቡን ለወጡት።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለባንታም መልካም አልነበረም። ሠራዊቱ የባንታምን መኪና ዊሊስና ፎርድ እንዲያዩት፥ ንድፉንም እንዲወስዱ ፈቀደ። ዊሊስ ባርኒ ሩስ የተባለው መሐንዲሱ ያጠነከረው 60 የፈረስ ጉልበት ያለው 2.2 ሊትር ሞተር ስለ ነበረው በ1941 ትልቁን ትእዛዝ አገኘ፤ ፎርድም በኋላ በዚያው በዊሊስ ንድፍ እንዲሠራ ታዘዘ። እስከ 1945 ሁለቱ ከ600,000 በላይ ጂፕ ሲሠሩ የባንታም ሥራ 3,000 እንኳ ሳይሞላ ቆመ፤ ቤቱም በጂፕ ኋላ የሚጎተት ጋሪ እንዲሠራ ተደረገ። ሠራዊቱ ብዙ ሺህ መኪና በአጭር ጊዜ የሚያወጣ ትልቅ ፋብሪካ ፈልጎ ነው ይባላል፤ በጦርነት ጊዜ ይህ ምክንያት ቀላል አይደለም። ሆኖም የንድፉን ባለቤት ተጎታች ሠሪ አድርጎ መሸኘት ፍትሕ ነበር ለማለት ብዕራችን አይደፍርም።

የጂፕ አሠራር ለሚመጡት ሁሉ አባት ስለ ሆነ ጥቂት እንዘርዝረው። ከካምቢዮው ኋላ ማከፋፈያ ሣጥን አለ፤ ይህ ሣጥን ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፥ የፊቱን ዘንግ ይቀጥላል ወይም ይቆርጣል። ሁለተኛ፥ ቀላልና ከባድ ማርሽ አለው፤ በከባዱ ሲሄድ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፥ የመሳብ ኃይሉ ወደ እጥፍ ይወጣል። ለሁለቱም ሥራ ለየብቻ አጭር እጀታ ተሰጥቷል። የፊቱ ዘንግ ሳይቀጠል ከባዱ ማርሽ እንዳይገባ መከልከያ ተሠርቶለታል፤ እጥፍ የሆነው ኃይል በኋላው ዘንግ ላይ ብቻ ቢወርድ ይሰብረዋልና።

ስለ ከባድ ማርሽ ብዙ ሰው የሚያስበው አቀበትን ብቻ ነው። የኛን አገር ተራራ የሚያውቅ ሾፌር ግን ዋናው ጥቅሙ ቁልቁለት ላይ መሆኑን ይመሰክራል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው መንገድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ ፍሬን ብቻ ይዞ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑ ግሎ ሲከዳው ያገኘዋል። በከባድ ማርሽ የወረደ ግን ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝለታል፥ እግሩም ለክፉ ጊዜ ይቆጠብለታል። እዚህ ላይ እውነቱን ላለመሸሸግ አንድ ነገር እንጨምር። በአገራችን ተራሮች ላይ ለብዙ ዘመን እህልና ቡና፥ ጨውና ስሚንቶ ያመላለሰው የፊያት ኤንትሬ በኋላ ጎማዎቹ ብቻ የሚገፋ ካሚዮን ነበር። መንገድ ካለ አራቱን ጎማ መንዳት አያስፈልግም። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1951 የተቋቋመበትን ዓላማና የጂፕን ዓላማ ያነጻጸረ ሰው፥ ሁለቱ በአንድ ችግር ላይ የተሰጡ ሁለት መልሶች መሆናቸውን ይረዳል።

ጂፕ ግን አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ የተለያዩት ይህን ጉድለት በፈወሱበት መንገድ ነው። በፊትና በኋላ ዘንግ መካከል ዲፈረንሻል የለውም። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሚበልጥ መንገድ ይሄዳሉ፤ ሁለቱ ዘንጎች በብረት ከተያያዙ ግን እኩል ለመዞር ይገደዳሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ጥቂት ስለሚንሸራተት ልዩነቱ ይጠፋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መንሸራተት ስለማይቻል ልዩነቱ በዘንጎቹ ውስጥ እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ይጠራቀማል፤ መሪው ይከብዳል፥ እጀታው ከገባበት አልወጣ ይላል፥ በመጨረሻም የደከመው ክፍል ይሰበራል። ስለዚህ ሾፌሩ ከጭቃ ሲወጣ የፊቱን ዘንግ መቁረጥ ግዴታው ነው።

የእንግሊዙ ላንድሮቨር ጂፕን አይቶ የተወለደ መሆኑን ባለቤቶቹም አልካዱም። የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ አንግልሲ ደሴት ባለው እርሻው ላይ ከጦርነት የተረፈ ጂፕ ይነዳ ነበር፤ ያ ሲያልቅ የሚተካው ሌላ ነገር እንደሌለ በማየቱ በ1947 የራሱን ጀመረ ይባላል። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይሰጥ ስለ ነበር አካሉን ከአሉሚኒየም ቅልቅል፥ ሻንሲውን ደግሞ ከብረት ቁርጥራጭ ሰሌዳ እየበየዱ ሠሩት፤ እጦት ያመጣው የአሉሚኒየም አካል በኋላ የማይዝግ ተብሎ መመስገኛው ሆነ። መኪናው በኤፕሪል 30 ቀን 1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ሲታይ አራቱም ጎማው ዘወትር ይነዳ ነበር። መጠማዘዙን ለማስቀረት በፊቱ መስመር ላይ እንደ ብስክሌት የኋላ ጎማ በአንድ ወገን ብቻ የሚይዝ ነጻ መሽከርከሪያ አደረጉበት። ብልሃቱ ለአቀበት ጥሩ ነበር፤ ቁልቁለት ላይ ግን ሾፌሩ ከወለሉ ያለውን ቀለበት ስቦ ካልቆለፈው በቀር የፊት ጎማዎቹ ከሞተሩ ተለይተው በነጻ ይንከባለላሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ይህ ቀርቶ እንደ ጂፕ በእጅ የሚቀጠልና የሚቆረጥ ሆነ፤ ቢጫውና ቀዩ እጀታ በቦታቸው የቆሙትም ያን ጊዜ ነው። ለጊዜው ተብሎ የታሰበው የእርሻ መኪና በጥቂት ዓመት ውስጥ ከሮቨር የከተማ አውቶሞቢሎች የበለጠ ተሸጠ፤ በ1976 አንድ ሚሊዮንኛው ተሠራ።

ጀርመኖቹ በሌላ መንገድ ሄዱ። ለአይሮፕላን ሞተር ይሠራ የነበረው አልበርት ፍሪድሪክ ጦርነቱ ሲያልቅ ለተራበ ገበሬ የሚሆን መሣሪያ አሰበ፤ የመጀመሪያው ናሙና በ1946 ተሠራ። የጎማዎቹን ስፋት በ1,270 ሚሊሜትር የወሰነው በሁለት የድንች መስመር ልክ ነው። ኡኒሞግ ከላይ በልብ ይያዝ ያልነውን የኳድን ሐሳብ በተሻለ ሁኔታ ይዞ መጣ፤ ዘንጉ ከጎማው መሐል በላይ ያልፍና በጎማው አጠገብ በጥርስ ወደ ታች ይወርዳል፤ በዚህም ምክንያት የመኪናው ሆድ ከጉቶና ከድንጋይ ይርቃል። በባሌስትራ ፋንታ በጥምዝ ሞላ ላይ ስለ ተቀመጠ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው መሬት አይለቅም። ከሁሉ በላይ የፊቱንም የኋላውንም ዲፈረንሻል ሾፌሩ መቆለፍ ይችላል፤ ያ የሚዞረው ቀንበር ተቸንክሮ ይቆማል፥ ደረቅ ላይ ያለው አንድ ጎማ ብቻውን መኪናውን ሊያወጣው ይችላል ማለት ነው። ከፊቱ የነበረው የመጀመሪያው ዓርማ ቀንዱ ፊደል የሠራ የበሬ ራስ ነበር፤ ለዚህ መኪና ከዚህ የተሻለ ዓርማ ይገኛል ብለን አናምንም።

የጃፓኑ ቶዮታ ደግሞ ያልነውን ሁሉ የሚቃወም ይመስላል። በ1951 የሠራው ቢ ጄ የተባለው መኪና ከባድ ማርሽ የሚሰጥ ማከፋፈያ ሣጥን አልነበረውም። ከካሚዮን የተወሰደ 3.4 ሊትር ሞተር አድርጎ፥ በካምቢዮው ዝቅተኛ አንደኛ ማርሽ ተማምኖ ወጣ። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ኢቺሮ ታይራ የተባለው ነጂ ይህን መኪና በፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ አወጣው፤ የጃፓን ፖሊስም 289 መኪና አዘዘ። እንግዲህ ጉልበት ብልሃትን አሸነፈ ይባል ይሆን? አይመስለንም። በ1954 ላንድክሩዘር የሚል ስም ያገኘው ይኸው ዘር በ1960 በአዲስ መልክ ሲወጣ ከባድ ማርሽ ተጨመረለት፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው የጎደለውን አወቁት።

በ1970 የወጣው ሬንጅሮቨር የሾፌሩን ግዴታ ለማስቀረት አራቱንም ጎማ ዘወትር እየነዳ በመሐል የሚቆለፍ ዲፈረንሻል አደረገ። ይህ በክሊንተንቪል ካሚዮን ውስጥ ነበር ያልነው ብልሃት ነው። ከ1983 ጀምሮ ታላቁ ወንድሙ ላንድሮቨርም ይህንኑ ያዘ፤ የዚያ ዘር የመጨረሻው መኪና በጃንዋሪ 29 ቀን 2016 ከፋብሪካው ወጣ። ዛሬ በብዙ መኪና ላይ በከንቱ የሚሽከረከረውን ጎማ ለይቶ ፍሬን የሚይዝበት ኮምፒዩተር ነው፤ ሾፌሩ አንድ ቁልፍ ከመጫን በቀር የሚያውቀው ነገር አይፈለግበትም።

በእጅ መቀጠልና መቁረጥን የመረጡት ወገኖች ግን ሌላ ነገር ጨመሩ። የፊቱ ዘንግ ቢቆረጥም ጎማው ሲዞር ዘንጉንና ዲፈረንሻሉን ይዞ በከንቱ ያዞራቸዋል፤ ነዳጅና ብረት ይባክናል። ስለዚህ በ1948 በሲያትል ከተማ ዋርን የተባለ ኩባንያ መካኒኮች ሞዞ በሚሉት በጎማው እምብርት ላይ የሚገጠም መቆለፊያ ለጂፕ መሥራት ጀመረ። መቆለፊያው ሲፈታ ጎማው ብቻውን ይዞራል፤ ሲቆለፍ ከዘንጉ ጋር አንድ ይሆናል። ችግሩ ከጋቢና ወርዶ በእጅ ካልተጠመዘዘ በቀር አለመቆለፉ ነው፤ በውስጥ ያለው እጀታ ብቻውን ዘንጉን ያዞራል እንጂ ጎማውን አያዞርም።

ይህን እኛ ከመጽሐፍ አልተማርነውም። ከዓመታት በፊት በሰኔ ወር የፈተና ወረቀት ይዘን ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ስንጓዝ መኪናችን ዋልካ ውስጥ ገባ። ፈተናው በማግሥቱ ጧት ነበር። ሾፌራችን ወጣት ነው፤ ታናሹን እጀታ ካስገባ ቆይቷል፤ ግን የኋላ ጎማዎች ብቻ ጭቃ እየረጩ ዞሩ። ቅጠል ቆረጥን፥ ድንጋይ ለቀምን፥ ገፋን፤ መኪናው እየጠለቀ ሄደ። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል በሬዎቹን እየነዳ የሚመለስ አንድ ሽማግሌ ደርሶ ጥቂት ቆሞ ካየ በኋላ፥

«የኔ ልጅ፥ የፊተኛው እግር ለምን ዝም ይላል?» አለው።

«አባቴ፥ እጀታውንማ አስገብቻለሁ» አለ ሾፌሩ።

«እሱንስ አስገባህ፤ ሞዞውን ቆልፈኸዋል ወይ?»

ኋላ ጠይቀን እንደ ተረዳነው ሽማግሌው በጎልማሳነቱ በላንድሮቨር ላይ ረዳት ሆኖ ሰባት ዓመት ኖሯል። ሾፌራችን ምንም ሳይመልስ ወርዶ ጭቃው ላይ ተንበረከከ፤ የቀኙን በነጠላው ጫፍ ጠርጎ አጠመዘዘ፥ ዞሮም የግራውን እንዲሁ አደረገ። ከዚያ ገብቶ በከባድ ማርሽ፥ ነዳጅ ሳያበዛ፥ ክላቹን ቀስ ብሎ ለቀቀ። አራቱም ጎማ ባንድነት መሬቱን ሲይዝ ታየን፤ መኪናው እያቃሰተ ከጉድጓዱ ወጥቶ ደረቁ ላይ ቆመ። ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ዘበኛው ፋኖስ ይዞ ወጥቶ ሣጥኑን ተቀበለን።